ኢሲጂው ኖርማል ሆኖ ሃርት አታክ ሊኖር ይችላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደረቱን ጨምቆት ወደ ድንገተኛ ክፍል ለገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረግለት ምርመራ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ሞገድ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ምርመራ ነው። ወረቀቱ ታይቶ «ኖርማል ነው» ሲባል ታማሚውም አብሮት የመጣው ቤተሰብም እፎይ ይላል፤ አንዳንዱም ህመሙ ገና ሳይለቀው ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ለእነዚህ ታማሚዎችና አብረዋቸው ለሚሆኑ ሰዎች ነው።

ኢሲጂዬ ኖርማል ነው ከተባልኩ ሃርት አታክ የለብኝም ማለት ነው?

አይደለም። ኢሲጂ ሃርት አታክ (የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ መጎዳቱ) መኖሩን ሲያሳይ በአብዛኛው ሊታመን የሚችል ምርመራ ነው፤ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ግን ብቻውን አይበቃም። ህመሙ እየቀጠለ ከሆነ ወይም ጀምሮ የተወ ከሆነ አንድ ኖርማል ኢሲጂ የሚነግረን በተነሣበት ሰዓት፣ በታየበት አቅጣጫ ለውጥ እንዳልተገኘ ብቻ ነው። ውሳኔው የሚሰጠው የህመሙ ታሪክ፣ ተደጋግሞ የሚነሣው ኢሲጂና ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

ኢሲጂ በትክክል የሚያየው ምንድን ነው? ሊያመልጠው የሚችለውስ?

ኢሲጂ የልብን ደም ቧንቧ አያሳይም። ልብ በምትመታበት ጊዜ በጡንቻዋ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከቆዳ ላይ ያነብባል፤ ጡንቻው ደም ሲያጣ ሞገዱ ቅርጹን ይለውጣል፣ ሐኪሙም ከዚያ ለውጥ ተነስቶ ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል ብሎ ይገምታል። በተለመደው አሠራር አሥር መቀበያዎች ይደረጋሉ፤ አራቱ በእጅና በእግር ላይ፣ ስድስቱ ደግሞ ከደረት አጥንት አንስቶ በግራ ጡት ሥር እስከ ብብት ድረስ። ከእነዚህ አሥር መቀበያዎች አሥራ ሁለት እይታዎች ይወጣሉ፤ ወረቀቱ ላይ የሚታተመውም አብዛኛውን ጊዜ የአሥር ሴኮንድ ቅጂ ነው።

የመጀመሪያው ክፍተት የአቅጣጫ ነው። መቀበያዎቹ ያሉት ከፊትና ከግራ ጎን እንጂ ከጀርባ አይደለም። ቤትን ከፊት ለፊት ቆሞ ያየ ሰው የጓሮውን እሳት ላያየው እንደሚችል ሁሉ፣ የልብን የኋላ ግድግዳ የሚመግበው ቧንቧ ሲዘጋ ወረቀቱ ፍጹም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ይህ በብዛት የሚታየው ከግራ በኩል ልብን ዞሮ ወደ ኋላ በሚሄደው ቧንቧ፣ ሐኪሞች ሰርከምፍሌክስ በሚሉት ላይ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ግን ከፊት ባሉት እይታዎች፣ በተለይ ከቪ1 እስከ ቪ4 በሚባሉት የደረት እይታዎች ላይ መስመሩ ወደ ታች ዝቅ ማለቱን ካየ ይጠረጥራል፤ ምክንያቱም ከኋላ ሲታይ ከፍ ያለው መስመር ከፊት ሲታይ ተገልብጦ ዝቅ ያለ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ሦስት መቀበያዎች ወደ ጀርባ ይዞራሉ፤ አንደኛው ከብብት የኋላ ጠርዝ በታች፣ ሁለተኛው በግራ ትከሻ አጥንት ጫፍ ሥር፣ ሦስተኛው በአከርካሪው አጠገብ። ቪ7፣ ቪ8 እና ቪ9 በሚባሉት በእነዚህ እይታዎች ላይ የግማሽ ሚሊሜትር ከፍታ፣ ማለትም የወረቀቱ ትንሿ ሳጥን እኩሌታ፣ ትርጉም አለው። የሚፈለገው ሦስት መቀበያ ማዘዋወርና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ሥራ ደረት ህመም በሚታይበት ቦታ ሁሉ የተለመደ ቢሆን መልካም ነው። በተመሳሳይ መንገድ የቀኝ የልብ ክፍል ሲጠረጠር መቀበያዎቹን ወደ ቀኝ ደረት ማዞር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክፍተት የጊዜ ነው። በቧንቧው ውስጥ የረጋው ደም አንዴ ዘግቶ የሚቀር ላይሆን ይችላል፤ ይዘጋል፣ በከፊል ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ኢሲጂው ቧንቧው በተከፈተባት ደቂቃ ከተነሣ ንጹህ ይሆናል። እንዲሁም ሃርት አታክ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች የሚታየው ለውጥ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ቲ የሚባለው ሞገድ ሰፋና ከፍ ማለት ይጀምራል፣ በጥድፊያ ያየ ዓይን ግን እንደ ጤነኛ ያልፈዋል።

ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። የተጎዳው የጡንቻ ክፍል ትንሽ ከሆነ፣ ወይም ደም ያጠረው የጡንቻው ውስጠኛ ሽፋን ብቻ ከሆነ፣ ምልክቱ ቆዳ ላይ እስኪደርስ ሊጠፋ ይችላል።

እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይከሰታል?

እንደ ብርቅ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ሃርት አታክ እንደነበራቸው የተረጋገጠ 391,208 ታማሚዎችን ተመልክቷል። ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው ኢሲጂ ኖርማል የነበረው 7.9 በመቶ ነው፤ በ35 በመቶ ያህሉ ደግሞ ኢሲጂው ወደ አንድ አቅጣጫ የማያመለክት፣ ሐኪሙን የሚያወላውል ነበር። መጀመሪያ ኢሲጂያቸው ኖርማል ከነበረው መካከል 5.7 በመቶው ሆስፒታል ሳሉ ሞተዋል፤ ኢሲጂያቸው በግልጽ ሃርት አታክ ካሳየው መካከል ደግሞ 11.5 በመቶ። ኖርማል ኢሲጂ ያለው ሰው ተስፋው የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመቶው አምስት ስድስት ሰው የሚሞትበትን ህመም ቀላል ብሎ ወደ ቤት መሸኘት አይቻልም።

ነገሩን ከሌላኛው ወገን ስናየው፣ በልብ ህመም ተጠርጥረው ኢሲጂያቸው ኖርማል ከሆነ ታማሚዎች መካከል ከመቶ ከአንድ እስከ ስድስት የሚሆኑት በኋላ ሃርት አታክ ይገኝባቸዋል። አብዛኛው ሰው ደኅና ይሆናል ማለት ነው። የሚያስቸግረው ግን ደኅና ያልሆነው የትኛው እንደሆነ በአንድ ወረቀት መለየት አለመቻሉ ነው።

ኢሲጂው የተነሣው ህመሙ ካቆመ በኋላ ነበር። ይህ ለውጥ ያመጣል?

አዎን፣ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ስለዚህ ህመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ በስንት ሰዓት እንዳቆመና ኢሲጂው ሲነሣ ይኑር አይኑር ሳይጠየቁም ቢሆን ይናገሩ። ህመሙ ተመልሶ ከመጣ ተኝተው አይታገሡ፤ ወዲያው ነርሷን ጠርተው «አሁን አመመኝ» ይበሉ፣ በዚያችው ደቂቃ ሌላ ኢሲጂ ይነሣ። በህመም ጊዜ የተነሣና ህመም በሌለበት ጊዜ የተነሣ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ማስተያየት ከየትኛውም አንድ ወረቀት የበለጠ ይናገራል።

በ1982 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ የልብ ሐኪም ሄይን ዌለንስና ባልደረቦቹ የገለጹት ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ታማሚው ደረቱን አሞት ተሽሎታል፤ ሲመረመርም ህመም የለውም። ነገር ግን በቪ2 እና ቪ3 ላይ ቲ ሞገዱ መጨረሻው ወደ ታች ያዘቀዝቃል ወይም ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። ይህ ምልክት የልብን የፊት ግድግዳ የሚመግበው ዋና ቧንቧ በጣም ጠብቦ ሊዘጋ መቃረቡን የሚያመለክት ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ታማሚ በትሬድሚል ማስሮጥ አደገኛ ነው።

ማሽኑ ራሱ በወረቀቱ አናት ላይ ኖርማል ብሎ አትሟል። ማሽን ይሳሳታል?

ይሳሳታል። የሚታተመው ጽሑፍ የኮምፒውተር ግምት ነው፤ ህመምዎን አያውቅም፣ ከዚህ በፊት የተነሣ ኢሲጂዎንም አብዛኛውን ጊዜ አላየም። የሕክምና መመሪያዎች ደረት ያመመው ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነሥቶ በሐኪም እንዲነበብ ያዝዛሉ፤ ጽሑፉን ያነበበ ወረቀቱን አነበበ ማለት አይደለም።

ትሮፖኒን ምንድን ነው? ለምንስ ሁለት ጊዜ ደም ይወሰዳል?

ትሮፖኒን በልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ስለዚህ ኢሲጂው ያላየውን ጉዳት የደም ምርመራው ሊያሳይ ይችላል። በተለመደው የምርመራ ዓይነት ትሮፖኒን በደም ውስጥ መታየት የሚጀምረው ህመሙ ከጀመረ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ይጨምራል፣ ቀስ ብሎም በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይወርዳል። አንድ የ52 ዓመት ሰው ህመሙ በጀመረው በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል ደረሰ እንበል። ኢሲጂው ኖርማል፣ ትሮፖኒኑም ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ምርመራዎች ግን ገና አልደረሱበትም። ፈጥኖ በመምጣቱ ትክክል የሠራው ሰው በሁለት ንጹህ ውጤቶች ተሸኝቶ ሌሊቱን ቤቱ ውስጥ ሊሞት የሚችለው እንዲህ ሆኖ ነው።

ስለዚህ ደሙ በድጋሚ ይወሰዳል። ጥቃቅን ለውጥን የሚለየው አዲሱ የትሮፖኒን ምርመራ ባለበት ሆስፒታል ሁለተኛው ደም ከአንድ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ ሊወሰድ ይችላል፤ በተለመደው ምርመራ ግን ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ሐኪሙ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለውን መጨመር ወይም መቀነስ ጭምር ነው። የኩላሊት ህመም፣ የልብ ድካም፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት፣ ከባድ ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ደም ቧንቧ መዘጋት ያለበት ሰውም ትሮፖኒኑ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ አንድ ቁጥር ብቻውን ሃርት አታክ ነው ለማለትም አያበቃም።

ትሮፖኒን በማይሠራበት ጤና ጣቢያ ከሆንኩስ?

ታሪኩ አጠራጣሪ ከሆነ ኢሲጂው ኖርማል መሆኑ ሪፈር ለመከልከል ምክንያት መሆን የለበትም። በዚያው ቦታ ሊደረግ የሚችለውም ጥቂት አይደለም፦ አስፕሪን መስጠት፣ ህመሙ እስካለ ድረስ ኢሲጂውን በየ15 እስከ 30 ደቂቃ መድገም፣ ከጀርባ ያሉትን እይታዎች መጨመር፣ ከዚያም ወረቀቶቹን ሰዓታቸው ተጽፎባቸው ከታማሚው ጋር መላክ። የተቀበለው ሆስፒታል መጀመሪያ የተነሣውን ኢሲጂ ካላየ ለውጡን ማወቅ አይችልም፤ ወረቀቱ ጤና ጣቢያው ፋይል ውስጥ ቀርቶ ታማሚው ብቻውን ሲሄድ ግማሹ ታሪክ ይጠፋል።

የጨጓራ ህመም ነው ብዬ ነበር። እንዴት ልለየው?

ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው፤ ጨጓራ የሌለበት ቤት ስለሌለ ማቃጠል ሲመጣ ማንም አይደነግጥም። የላይኛው ሆድ ወይም የመሃል ደረት ማቃጠል ሲመጣ ተልባ ይጠጣል፣ የጨጓራ ሽሮፕ ይወሰዳል፤ ትከሻና ደረት ሲይዝ ደግሞ «ብርድ ነው» ተብሎ ዝንጅብል ይፈላል። ኢሲጂው ኖርማል ሲሆን ይህ ግምት የተረጋገጠ ይመስላል፤ «ልብህ ደኅና ነው፣ ጨጓራህ ነው» የሚለው ቃልም ቀጣዩን ምርመራ ሁሉ ያስቀራል።

የልብን የታችኛውን ግድግዳ የሚይዘው ሃርት አታክ የላይኛውን ሆድ ሊያቃጥል፣ ሊያቅለሸልሽና ሊያስመልስ ይችላል። የጨጓራ መድኃኒት ወስዶ ህመሙ መቀነሱም ልብ አለመሆኑን አያረጋግጥም፤ የልብ ህመም በራሱ ጊዜ ይነሣል፣ ይለቅቃልም። ከምላስ ሥር የሚደረገው የናይትሮግሊሰሪን ክኒን ማሻሉም በተቃራኒው ልብ መሆኑን አያረጋግጥም።

ወደ ልብ የሚያመዝኑ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ህመሙ እንደ ሸክም የሚጫን ወይም የሚጨምቅ መሆኑ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ አንገት፣ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለቱም እጅ መሄዱ፣ ቀዝቃዛ ላብ ማላቡ፣ ትንፋሽ ማሳጠሩ፣ ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ መተዉ። ከዚህ በፊት ከነበረው የጨጓራ ስሜት የተለየ ከሆነ «ይሄኛው አዲስ ነው» ብለው ለሐኪሙ በዚሁ ቃል ይንገሩት። በውጭ አገር በአስተርጓሚ የሚታከሙ ሰዎችም ጨጓራ የሚለውን የበሽታ ስም ትተው ስሜቱን ይግለጹ፤ የት እንደያዘ በእጅ ያሳዩ፣ ምን ሲሠሩ እንደጀመረ ይናገሩ።

ደረቱን ያላመመው ሰውስ?

የስኳር ህመም ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ሴቶች የደረት ህመም ሳይኖራቸው ወይም ቀላል ሆኖ ሃርት አታክ ሊደርስባቸው ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ ድካም፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ ራስን መሳት ብቻ ሊታይ ይችላል። በዚህ ላይ ኢሲጂው ኖርማል ከሆነ ልብን የሚያስብ ሰው ይጠፋል፤ ስለዚህ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል፣ የማጨስና የቤተሰብ ታሪክ ካለ ሐኪሙ ሳይጠይቅ መንገር ተገቢ ነው።

ቤት ውስጥ ሳለሁ ቢጀምረኝ ምን ላድርግ? አስፕሪን ልውሰድ?

እንቅስቃሴ ያቁሙ፣ ይቀመጡ፣ አምቡላንስ ያስጠሩ፤ ራስዎ መኪና አይንዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ይደውላሉ። አምቡላንስ የማይገኝ ወይም የሚዘገይ ከሆነ ሌላ ሰው ያድርስዎ።

አስፕሪን የማይስማማዎት ካልሆነ፣ የሚደማ የጨጓራ ቁስልም ከሌለብዎት፣ 300 ሚሊግራም ያህል አኝኮ መዋጥ ይጠቅማል። አኝኮ የሚባለው ፈጥኖ እንዲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመውና 17,187 ታማሚዎች የተሳተፉበት አይሲስ 2 የተባለው ጥናት አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ቧንቧ ምክንያት የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ነገር ግን ህመሙ በአንድ ጊዜ ደርሶ እንደ መቀደድ ያለና ወደ ጀርባ የሚወጋ ከሆነ፣ ትልቁ የደም ቧንቧ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል አስፕሪን ሳይወስዱ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህም ህመም ኢሲጂው ኖርማል ሆኖ ሊገድል የሚችል ነው።

ኢሲጂ ላይ በግልጽ ያልታየ ሃርት አታክ ቀለል ያለ ነው ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሐኪሞች ሃርት አታክን ኤስቲ የሚባለው መስመር ከፍ ያለበትና ያላለበት ብለው ይከፍሉታል። ከፍ ያለበት ታማሚ ቧንቧው በአስቸኳይ ይከፈትለታል፤ ያላለበት ደግሞ አስፕሪን፣ ደም ማቅጠኛና ሌሎች መድኃኒቶች ተሰጥተውት ለአንጂዮግራፊ፣ ማለትም የልብን ደም ቧንቧዎች በራጅ ለሚያሳየው ምርመራ፣ ይጠብቃል። ነገር ግን በርካታ ጥናቶች ተደምረው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲታዩ፣ ኤስቲ ከፍ ካላለባቸው ታማሚዎች መካከል ከአራቱ የአንዱ ያህል ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ተገኝቷል። እነዚህም ቧንቧቸው በከፊል ብቻ ከጠበበው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። በእኔ እምነት ይህ ቁጥር ድንገተኛ ክፍል በሚሠራ ሰው ሁሉ አእምሮ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ስለዚህም ህመሙ መድኃኒት ተሰጥቶት አልለቅ ያለ፣ የደም ግፊቱ የወረደ፣ ሳንባው ውኃ የቋጠረ ወይም የልብ ምቱ በአደገኛ ሁኔታ የተዛባ ታማሚ፣ ኢሲጂው ምንም ቢል፣ መመሪያዎቹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ አንጂዮግራፊ እንዲገባ ይመክራሉ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ግን ኤስቲ ከፍ ላላለበት ታማሚ አይሰጥም፤ ጥቅሙ አልታየም፣ የመድማት አደጋው ግን አለ።

ወደ ቤት ሂድ ብባል ምን ልጠይቅ?

ኢሲጂው ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ ትሮፖኒኑ ስንት ጊዜና ህመሙ ከጀመረ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደተሠራ ይጠይቁ። ሐኪሞች ለዚህ ውሳኔ ከሚጠቀሙባቸው መመዘኛዎች አንዱ የህመሙን ታሪክ፣ ኢሲጂውን፣ ዕድሜን፣ አጋላጭ ነገሮችንና ትሮፖኒንን እያንዳንዳቸውን ከዜሮ እስከ ሁለት ነጥብ ሰጥቶ የሚደምር ነው፤ ከሦስት የማይበልጥ ድምር ያለው ሰው አደጋው ዝቅተኛ ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ኖርማል ኢሲጂ ከአምስቱ በአንዱ ብቻ ዜሮ ያሰጣል። በጥያቄዎ ማንንም አያስቀይሙም፤ ህመሙ አሁንም ካለ ግን ከመውጣትዎ በፊት መኖሩን በግልጽ ይናገሩ።

ባለፈው ወር ቼክአፕ ላይ ኢሲጂዬ ኖርማል ነበር። አይበቃም?

ለዛሬው ህመም አይበቃም። በእረፍት ላይ የተነሣ ኢሲጂ ቧንቧ መጥበቡን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም፤ ሃርት አታክም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀድሞ ብዙም ያልጠበበ ቧንቧ ውስጥ የተጠራቀመው ስብ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ደም ሲረጋበት ነው። ይሁን እንጂ ያን ወረቀት አይጣሉት። ፎቶ አንስተው በስልክዎ ያስቀምጡት፣ ለቅርብ ሰውም ይላኩለት፤ አንድ ቀን ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ ተረኛው ሐኪም አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ፣ ለብቻው ሲታይ ጤነኛ የሚመስለውን ቲ ሞገድ መለወጡን ሊያውቅ ይችላል።